ካናቴራ፣ ባነርና ሞንታርቦ፦ ለምርጫ ቅስቀሳ ያዘዝንበት የህትመት ቤት ግምገማ

ይህ ግምገማ በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ስለሚሠራ አንድ የህትመትና የማስታወቂያ ቤት ነው። ለመጪው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ከሚወዳደሩት ፓርቲዎች በአንዱ፣ ከከተማዋ 23 የምርጫ ክልሎች በአንደኛው የቅስቀሳ አስተባባሪ ሆኜ እየሠራሁ ስለሆነ፣ ባለፉት አምስት ሳምንታት ከዚህ ቤት 400 ካናቴራ፣ 250 ኮፍያ፣ 12 ባነርና 10,000 በራሪ ወረቀት አሳትሜያለሁ፤ ለሁለት ቀን ደግሞ ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና ተከራይቻለሁ። የፓርቲዬን ስም የማልጠቅሰው ጽሑፉ ራሱ ቅስቀሳ እንዳይሆን ብዬ ነው። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ደግሞ ከምስጋናው ጋር ነቀፌታም ስላለኝና ሠራተኞቹን በአደባባይ ማሳጣት ስለማልፈልግ ነው፤ በአካባቢው የሚሠራ ሰው ግን ከአገላለጼ ሳይለየው አይቀርም። ፍርዴን ከመነሻው ለማስቀመጥ ያህል፣ ህትመቱ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነው፣ ቀጠሮ አክባሪነቱ ወደር የለውም፣ ኮፍያውና የድምፅ መኪናው ግን ለተከፈለበት ገንዘብ አይመጥንም።

ከምን ጋር እያነጻጸርኩ እንደምናገር አስቀድሜ መግለጽ ይኖርብኛል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜም በዚሁ ሥራ ረዳት ነበርኩ። ያ ምርጫ በመጀመሪያ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተቆርጦ የነበረ ሲሆን፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዝሞ፣ ከዚያ በኋላም ተገፍቶ፣ በመጨረሻ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደ በመሆኑ፣ ቀን በተቀየረ ቁጥር እኛም ትእዛዝ ስንሰርዝና ስናድስ ነበር የከረምነው። በችኮላ ያዘዝንበት ሌላ ቤት ምልክታችንን በቀለም ከማተም ይልቅ በሙቀት በሚለጠፍ ፕላስቲክ ሠርቶ አስረከበን። ስንቀበለው ያብረቀርቅ ነበር፤ ፎቶ ላይም ያምር ነበር። በመጀመሪያው እጥበት ከዳር ከዳሩ ተነሣ፤ በሁለተኛው ግማሹ ተልጦ ወረደ። ካናቴራውን ለብሰው በየሰፈሩ የሚዞሩት ወጣቶቻችን «ፓርቲያችሁ ተላጠ» እየተባሉ ሲቀለድባቸው አንዳንዶቹ ልብሱን ገልብጠው መልበስ ጀመሩ፤ የቀሩት ለእንቅልፍ ልብስ አደረጉት። የደጋፊን ልብ ለማነሣሣት የታሰበ ዕቃ ደጋፊውን ካሳፈረው ባይሰጠው ይሻል ነበር።

አሁን የምገመግመውን ቤት ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ቀድሞ ፒያሳ ይሠሩ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲፈርሱ እነርሱም ማሽኖቻቸውን ጭነው ወደዚህ መጡ። የቤቱን ባለቤት ሠራተኞቹ ሁሉ «እትዬ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ጠራኋቸው። እርሳቸው ደግሞ ደንበኛውን ሁሉ፣ ከእርሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌም ቢሆን፣ «ልጄ» ነው የሚሉት። ስገባ ስንት ካናቴራ እንደምፈልግ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሰልፋችን መቼ እንደሆነ ነበር። ከጠረጴዛቸው በስተጀርባ የምርጫ ቦርድ የጊዜ ሰሌዳ በትልቁ ታትሞ ተለጥፏል፤ የድምፅ መስጫው ዕለትና ከእርሱ በፊት ያሉት አራት ቀናት በቀይ ተከብበዋል። የጥሞና ቀናት በሚባሉት በእነዚያ አራት ቀናት ቅስቀሳ ማካሄድ የተከለከለ ነው፤ በድምፅ መስጫው ዕለትም የፓርቲ ምልክት ያለበት ልብስ ለብሶ ወደ ምርጫ ጣቢያ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ የቅስቀሳ ካናቴራ ዕድሜው አጭር ነው፤ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ከደረሰ የሚለበስበት ቀን አይኖረውም።

ባለቤቲቱ ይህን ከብዙ አስተባባሪዎች አብልጠው ያውቁታል። ሰልፉ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን ስነግራቸው በጣታቸው ሰሌዳው ላይ ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ሰልፉ አምስት ቀን ሲቀረው ካናቴራው ከእጅሽ ይግባ፤ የእኔ ቀጠሮ እርሱ ነው» አሉኝ። ለምን አምስት ቀን እንዳሉ ገባኝ፤ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ዝግጅቱ ከመካሄዱ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ስለሚጠይቅ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት አስተባባሪው ከደብዳቤና ከቢሮ ደጅ ጥናት ውጭ ለሌላ ነገር ጊዜ አይኖረውም። ካናቴራ ማደል ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እያለሁ አንድ ሰው ገብቶ 1,000 ካናቴራ በሦስት ቀን እንዲደርስለት ጠየቀ፤ ዋጋውን እጥፍ እከፍላለሁ አለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው በትሕትና መለሱት። ገንዘብ የሚመልስ ነጋዴ ማየት በዚህ ጊዜ ብርቅ ስለሆነ ውሳኔዬን ያኔውኑ ወሰንኩ።

ለህትመቱ ጥራት ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከመድረሱ በፊት ለተሠራው ሥራ ነው። የእኛ ዲዛይን የተሠራው በፓርቲያችን አባል በሆነ አንድ ወጣት ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚፈዝ ቀለም፣ ከሥሩም አሥራ አንድ ቃላት ያሉት መፈክር ነበረው። ስክሪን ላይ ስናየው ሁላችንም ወደነው ነበር። ባለቤቲቱ ግን ምንም ሳይናገሩ በወረቀት አሳትመው፣ ከግቢው ማዶ ያለ ግድግዳ ላይ አስለጠፉትና ሠላሳ እርምጃ ርቄ እንድቆም አደረጉኝ። ከዚያ ርቀት የታየኝ የቡና ጠብታ የመሰለ ነገር ነበር። «ይህ ለጠረጴዛ እንጂ ለአደባባይ አይሆንም» አሉ። መስመሮቹ ወፈሩ፣ የሚፈዘው ቀለም ቀረ፣ አሥራ አንዱ ቃላት ሦስት ሆኑ። ምልክቱ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከሚታየው ቅርጽ ጋር አንድ እንዲሆን በምርጫ ቦርድ የጸደቀውን ምስል እንዳመጣም ጠየቁኝ። ማንበብ የማይችል መራጭ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገው በሰልፉና በየበሩ ያየውን ምስል ነው፤ እኛ ለማሳመር ብለን ጌጥ ከጨመርንበት ወይም ካጎበጥነው ሌላ ምልክት ሊመስለው ይችላል።

አንድ ሌላ ነገርም አስተማሩኝ፤ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላሰብኩት ይገርመኛል። እኛ ምልክቱን ደረት ላይ በግራ በኩል በትንሹ፣ ከጀርባ ደግሞ የዕጩውን ስም ነበር ያሰብነው። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ግን የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው፤ መንገድ ዳር የቆመ ተመልካችም ሰልፉ ካለፈ በኋላ የሚቀርለት ጀርባ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከጀርባ በትልቁ፣ ከፊትም ደረትን ሞልቶ እንዲታተም ተደረገ፤ የዕጩው ስም ከምልክቱ ሥር በአንድ መስመር ገባ። ዕጩአችን ስማቸው አነሰብኝ ብለው ጥቂት ቅር ብሏቸው ነበር፤ የሰልፉን ፎቶ ካዩ በኋላ ግን ጉዳዩን አላነሡትም።

ምልክት ከተነሣ የ1997 ዓ.ም. ነገር ያኔ ለደረሰ ሰው ሳይታወሰው አያልፍም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሚያዝያ 29 ቀን ቅዳሜ ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን እሑድ ደግሞ ቅንጅት ደጋፊዎቻቸውን በመስቀል አደባባይ ሰበሰቡ፤ ምርጫው ግንቦት 7 ነበር። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ምልክት ሁለት ጣት ነበር። ንብ ለማሳየት ካናቴራና ኮፍያ ማሳተም ያስፈልጋል፤ ሁለት ጣት ግን ማንም ከቤቱ ይዞት ይወጣል፤ ሕፃን ልጅ ከታክሲ መስኮት ሆኖ ያሳየዋል። ቅንጅት በዚያ ምርጫ ከአዲስ አበባ 23 የምክር ቤቱ መቀመጫዎች ሁሉንም ያሸነፈው በምልክቱ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ደጋፊን ለማሰባሰብ ከዚያ የረከሰና ከዚያ የተመቸ መሣሪያ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ይህን ለባለቤቲቱ ሳነሣላቸው ሳቁ። ያኔ የሰው ማተሚያ ቤት ተቀጣሪ ነበሩ፤ «ጣት የሚታተም ቢሆን ኖሮ ዛሬ የራሴ ፎቅ በኖረኝ» አሉ።

ወደ ጨርቁ ልመለስ። ሦስት ዓይነት ካናቴራ ቀርቦልን ነበር፤ ከሁሉም የረከሰው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ክር የሆነው ነው። እርሱን ባለቤቲቱ ራሳቸው አልመከሩንም፤ ምክንያታቸውንም በዕቃ አሳዩን። ከዓመት በፊት ለሌላ ሥራ በቀይ ሰው ሠራሽ ካናቴራ ላይ በነጭ ያተሙትን ናሙና ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ነጩ ጽሑፍ ሮዝ ሆኗል። የጨርቁ ማቅለሚያ በሙቀት ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ ነጩን ቀለም ስለሚያጠቅሰው እንደሆነ አስረዱን። እኛ መካከለኛውን፣ ጥጡ የሚበዛውን መረጥን። ጠቆር ያለ ጨርቅ ስለነበር ከታች አንድ ጊዜ ነጭ መደብ ይታተማል፤ እርሱ ደረቅ ሲል የምልክቱ ቀለሞች በላዩ ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ስክሪን፣ ማለትም ፍሬም ላይ የተወጠረ የማተሚያ ወንፊት፣ አለው፤ አንዱ ወጣት ካናቴራውን ዘርግቶ ፍሬሙን ያወርዳል፣ ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ አንዴ ወደ ራሱ ይስባል፣ ፍሬሙን ያነሣል፤ ሌላው ተቀብሎ ማድረቂያው ውስጥ ያስገባል። ከማድረቂያው የወጣ አንድ ካናቴራ በሁለት እጃቸው ወጥረው ቀለሙ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ያያሉ፤ ከተሰነጠቀ በቂ ሙቀት አላገኘም ማለት ነው። እኔም አንዱን ወደ ቤት ወስጄ ሦስት ጊዜ በሙቅ ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ምልክቱ እንደነበረ ነው፤ ጨርቁ ርዝመቱ በሁለት ጣት ያህል አጥሯል፤ ይህን ሲያስረክቡ ቢነግሩን ኖሮ አንድ ቁጥር ከፍ አድርገን እናዝ ነበር።

ከጥራቱ ሌላ ያረካኝ ነገር ምስጢር መጠበቃቸው ነው። በምርጫ ሰሞን እንዲህ ያለ ቤት ለአንድ ፓርቲ ብቻ አይሠራም፤ ሊሠራም አይገባውም፤ ነጋዴ ነው። ትእዛዞቹ በየመደርደሪያው በቁጥር እንጂ በፓርቲ ስም አልተለጠፈባቸውም፤ ያለቀው ሥራ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የተበላሸው ህትመት ተቀዶ ይጣላል እንጂ ለመሬት መወልወያ አይውልም። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የፓርቲያቸው ምልክት ያለበት ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ያዩ ደጋፊዎች በሌላ ሰፈር ጠብ አንሥተው እንደነበር የሰማሁት ግን እዚያው ቤት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከእኔ ቀድሞ የገባ ሰው የማን ሥራ እንደሚሠራ ለማወቅ ወሬ ቢጤ ጣል ሳደርግ፣ ትእዛዝ ተቀባይዋ ልጅ «የእርስዎንም ለሌላ አንናገርም» ብላ በፈገግታ ዘጋችብኝ። አፈርኩ፤ ግን ደስ አለኝ።

ዋጋቸው ከሌላው ቤት ይወደዳል፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። አስቀድሜ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቤ ነበር፤ በካናቴራ ከሁለቱም የበለጠ ዋጋ የጠየቁት እነርሱ ናቸው። ግማሹን ቀብድ ይወስዳሉ፤ ቀሪው በርክክብ ጊዜ ይከፈላል። ይሁን እንጂ የፕሮፎርማው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ጨምሮ የተሰላ ስለሆነ በመጨረሻ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ደረሰኙም በፓርቲው ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ወዲያው ይቆረጣል። ከሁለቱ ርካሽ ቤቶች አንደኛው ያለ ደረሰኝ ከሆነ የተሻለ ዋጋ እንደሚያደርግልኝ በጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። ለልደት ካናቴራ የሚያሳትም ሰው ይህን ሊመኘው ይችላል፤ ሒሳቡን መዝግቦ ማስመርመር ግዴታው የሆነ ፓርቲ ግን ያለ ደረሰኝ ያወጣው ገንዘብ በኋላ የት ገባ ሲባል የሚመልሰው የለውም። የገንዘብ ያዣችን ፊት በደረሰኙ እንደበራ በካናቴራው አልበራም።

ስለ ባነሩና ስለ በራሪ ወረቀቱ ብዙ የምለው የለኝም። ባነሮቹ ንፋስ እንዳይነፋቸው ቀዳዳ ተሠርቶላቸው፣ ጠርዛቸው ታጥፎ ተሰፍቶ፣ በየማዕዘኑ የገመድ ቀለበት ገብቶላቸው መጡ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱም አልተቀደደም። በራሪ ወረቀቱ ስስ ነው፤ ነገር ግን በየግድግዳውና በየምሰሶው ወረቀት መለጠፍ እንደ ድሮው በማይታሰብባት አዲስ አበባ ቤት ለቤት የሚሰጥ ወረቀት ከኪስ የሚገባ መሆን ስላለበት ስስነቱን አልጠላሁትም። መናገር ያለብኝ ስለ እርማቱ ነው። ከህትመት በፊት ናሙናው ላይ እያንዳንዱ መስመር ከታየ በኋላ አስተባባሪው ፈርሞ ይመልሳል። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈርሜ ነበር፤ ወረቀቱን ወደ ማሽን የሚወስደው ልጅ ግን የስብሰባው ቀን «እሑድ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ቅዳሜ ላይ እንደሚውል አየና ተመልሶ ጠየቀኝ። አሥር ሺህ ሰው በተሳሳተ ቀን ልንጠራ ነበር። የህትመት ስሕተት ከዚህም የከፋ ዋጋ ያስከፍላል፤ በ2013 ዓ.ም. የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ ዱባይ ድረስ ተልከው ታትመው በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ምርጫው በወረቀቶቹ ህትመት ላይ በታየ ችግርና በሌሎች ምክንያቶች ዘግይቶ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው የተካሄደው።

አሁን ወደ ድምፅ መኪናው። የቤቱ ባለቤት ከህትመቱ ጎን ለጎን አንድ ፒክ አፕ፣ ሁለት ሞንታርቦና አንድ ጄኔሬተር በቀን ሒሳብ ያከራያሉ። ጥሩ ጎኑን ላስቀድም። እኛ ያዘጋጀነው ቅጂ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ነበር፤ ሙዚቃ አለው፣ የዕጩው የትምህርት ታሪክ አለው፣ የፓርቲው ፕሮግራም ዋና ዋና ነጥቦች አሉት። የድምፅ ሠራተኛው አዳምጦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሩ ላይ የቆመ ሰው ድምፁን ለስንት ጊዜ ይሰማዋል? አብረን አሰላነው። መኪናው በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል፤ ቃሉ ሳይደበላለቅ የሚሰማው ከሰውየው ወዲህና ወዲያ በጠቅላላው መቶ አርባ ሜትር ግድም ውስጥ ብቻ ነው፤ እንግዲህ ያ ሰው ጆሮ ያለው ለ25 ሰከንድ ነው። ከሦስቱ ደቂቃ ውስጥ የትኛው 25 ሰከንድ እንደሚደርሰው ደግሞ ማንም አያውቅም፤ ለአንዱ ሙዚቃው ብቻ፣ ለሌላው የዕጩው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ብቻ ይደርሰዋል። ልጁ ቅጂውን ቆርጦ በ20 ሰከንድ ውስጥ የዕጩውን ስም፣ ምልክቱን፣ የሰልፉን ቀንና ቦታ ብቻ እንዲይዝና እርሱኑ እንዲደጋግም አደረገው። ለዚህ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቀም።

ችግሩ የመጣው ከሹፌሩ ነው። ያ ሁሉ ስሌት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ነበር፤ ሹፌሩ ግን መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ይነዳው የነበረው የሚከተለው ሰው እንዳለ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኋላ በባጃጅ ተከትዬ ሳዳምጥ ለነዋሪው የሚደርሰው የምልክታችን ስም ግማሹ ብቻ ነበር። ቀስ እንዲል ብነግረው ነዳጁ ይበላል አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አንዱ ሞንታርቦ ድምፁ እየሻከረ ስለመጣ በአንድ ብቻ ቀጠልን። አምልኮ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች አጠገብ ድምፅ እንዲቀንስ አስቀድሞ የተሰጠው ዝርዝር አልነበረም፤ በየቦታው በስልክ ማሳሰብ የእኔ ሥራ ሆነ። በማግስቱ ባለቤቲቱ ሌላ ሹፌር ላኩልን፣ ከቀኑ ኪራይም ሩቡን ቀነሱልን፤ ሁለተኛው ቀን በሥርዓቱ አለፈ። መኪናውን ድጋሚ እከራያለሁ ወይ ብባል፣ የምከራየው የድምፅ ሠራተኛውንና ቅጂውን ነው፤ መኪናና ሞንታርቦ ከሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።

ካናቴራው በተባለበት ቀን፣ እንዲያውም ከቀጠሮው ግማሽ ቀን ቀድሞ ደረሰ። አርባ አርባ ሆኖ በአሥር ጥቅል ታስሮ ነበር፤ በየጥቅሉ ላይ የትኛው ቁጥር ስንት እንዳለ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ለሚያድል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2013ቱ ጊዜ ሁሉም ቁጥር በአንድ ጆንያ ተደበላልቆ መጥቶ፣ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጠን ስንለይ ሰልፉ ሊነሣ ደርሶብን ነበር። 400 ካናቴራ ለአንድ የምርጫ ክልል ምንም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ የሰጠነው ለመጣ ሁሉ ሳይሆን ቤት ለቤት ለሚቀሰቅሱትና ጎረቤታቸውን ይዘው ለሚመጡት ነው። አንዲት በሰፈራቸው እድር የታወቁ እናት ካናቴራውን ከቀሚሳቸው በላይ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ግን ምልክቱን እንዳይሸፍንባቸው ወገባቸው ላይ አሸርጠው መጡ፤ ከኋላቸው አሥራ ሰባት ሰው ተከትሏቸዋል፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከመካከላቸው ካናቴራ የነበራቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ኮፍያው ግን አሳፈረን። ካናቴራውን ራሳቸው ሲያትሙት ኮፍያውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ያሠሩት ይመስለኛል፤ እጁ አንድ አይደለም። የፊቱ ካርቶን ስለሆነ በሰልፉ ቀን ረፋድ ላይ የጣለው ዝናብ ካርቶኑን አራሰውና ከ250ው የሚበዛው እንደ ቅጠል ተንጠለጠለ። ክረምቱ በሚጀምርበት ሰሞን ምርጫ በሚካሄድበት አገር ኮፍያ የሚያሠራ ቤት ይህን ማሰብ ነበረበት። ነግሬያቸዋለሁ፤ አልተከራከሩም፤ ገንዘቡን ግን አልመለሱም፤ በሚቀጥለው ትእዛዝ እንደሚያካክሱ ቃል ብቻ ገቡ።

ለሚያስቡበት ሰዎች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከሄዱ ባለቤቲቱን ራሳቸውን ያገኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሚያገኙት ትእዛዝ ተቀባይዋን ነው፤ እርሷም ጎበዝ ናት፤ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን ግን የላትም። መብራት ሲጠፋ ማድረቂያው ስለሚቆም ቀጠሮ ሲቀበሉ ሁለት ቀን መጠባበቂያ መኖሩን ይጠይቁ። በቦርዱ የጸደቀውን ምልክት በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ከስልክ የተላከ ፎቶ አይቀበሉም፤ መቀበልም የለባቸውም። ዲዛይንዎን በጣም የሚወዱት ከሆነ ሠላሳ እርምጃ ርቀው ለመቆም ልብዎን ያዘጋጁ።

ትናንት ማታ ደውዬ የእኛ ስክሪኖች ታጥበው ለሌላ ሥራ እንዳይውሉ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የጥሞናው ቀን እስኪገባ አላጥባቸውም» አሉኝ። ለመዝጊያው ሰልፍ የ150 ካናቴራ ቀብድ ሰኞ ጠዋት እወስዳለሁ፤ ቁጥሩን ሁሉ አንድ ከፍ አድርጌ። ኮፍያ አላዝም።